ያልተቀመሰው ብርጭቆ

አቶ ሞላ ብርጭቆውን ከንፈራቸው ሳያስነኩ ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

"ሳትቀምስ ነው ለአባትህ የምታቀርበው?" አሉት ልጃቸውን።

አግማስ ክው አለ። የባንክ ሥራውን ትቶ፣ ኮምቦልቻ ባለው ቤታቸው ሁለት በርሜል ተክሎ "ኢንዲያ ፔል ኤል" የሚሉትን መራራ ቢራ መጥመቅ ከጀመረ ከርሟል። ዛሬ ብርጭቆውን አጥቦ፣ አዘንብሎ፣ አረፋውን በልኩ አድርጎ ሲቀዳ ቀጂ አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ ረሳው። ጠላ ሲቀዳ እያየ ያደገ ልጅ እንዲህ ያለውን ይረሳል? ረሳ እንግዲህ፣ ምን ይደረግ!

እህቱ እስከዳር አንገቷን ደፋች። አዳማ ነርስ ናት፤ የዓመት ፈቃዷን ደሴ ልታሳልፍ ብትመጣ አባትና ልጅ ሲነታረኩ መሀል ገብታ ስታስታርቅ ፈቃዷ አለቀ። አባቷ ይህን የኮምቦልቻውን ቤት ለነጋዴው ለጀላል ሊሸጡት ነው። ግማሹ በእሷ ደመወዝ የተሠራ፣ በአባቷና በእሷ ስም ያለ ቤት ስለሆነ ያለ እሷ ፊርማ አይሆንላቸውም። እሷም መጀመሪያ ቢራውን ይቅመሱለት፣ ከወደዱት ቤቱ ይቆይለት፣ ካልወደዱት እፈርማለሁ አለቻቸው። እሺ ብለው፣ ቃል ገብተው ነው ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት በእሳቸው መኪና አብረው የወረዱት።

አግማስ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። "ይኸው አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አሁን ይጠጡ" አለ።

"አሁንማ ምን ዋጋ አለው" ብለው ተነሡ። ስልካቸው ጮኸና በረንዳ ላይ ወጥተው አነሡት። ስልክ ሲያወሩ ደግሞ ሰፈር የሚሰማ ድምፅ ነው ያላቸው።

"ጀላል፣ አለቀ በለው፤ ነገ ትፈርማለች። ኧረ ምን ይቀመሳል! ልጅቷ ደስ ይበላት ብዬ መጣሁ እንጂ።"

የእስከዳር ደም ፈላ። ለካ ሊቀምሱ አልመጡም! የልጁ ስሕተት ሰበብ ሆነላቸው እንጂ፣ እሱ ባይሳሳትም ሌላ አያጡም ነበር። የአባቷን ብርጭቆ አነሣችና ጠጣች። መጀመሪያ የጌሾ ዓይነት ምሬት ምላሷን ያዘው፤ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ መጣ፤ ኋላ ምሬቱ ራሱ ጣፈጣት፣ ደግማ ተጎነጨች። ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ ደግሞ ይብሱን አናደዳት።

አባቷ ሲመለሱ "ነገ አልፈርምም" አለቻቸው።

"ምን አልሽ?"

"አልፈርምም፣ አባባ። ቀምሰው መጥፎ ነው ቢሉኝ እፈርምልዎ ነበር።"

አቶ ሞላ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ልጁን አዩና ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ክላክስ አደረጉ። ትንሽ ቆይተው ደገሙ። እስከዳር ወንበር ሳበችና ከወንድሟ ፊት ለፊት ተቀመጠች።