በቀን አንድ መስመር

ከቤቴ ጎን ያለችው ትንሽ ማተሚያ ቤት የሁለት ወንድማማቾች ነበረች። ታላቁ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ሕትመቱን የሚመራውን ሰርቨር የተከለው እሱ ነው፤ ሰርቨሩም የዋለበትን ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ታላቁ አመል ነበረበት፤ ጠዋት ሲገባ እዚያው መዝገብ መሀል የራሱን መስመር ጣል ያደርጋል። «ዛሬ ዝናብ ነው። እማዬን ጉልበቷን አሟታል።» እንዲህ ያለ ነገር።

እሱ ካለፈ ወዲህ ታናሹ ለእናታቸው በቀን አንድ መስመር ያነብላቸዋል። እትዬ «ቶሎ እንዳያልቅብኝ» እያሉ ሁለተኛ አያስነብቡም።

ማክሰኞ ዕለት ማተሚያው ቀጥ አለ። መዝገቡ አብጦ ዲስኩን ሞልቶታል። ታናሹ ሲታገል ደረስኩ።

«ጋሼ፣ በየሳምንቱ ራሱን እንዲያጸዳ ላደርገው ነው። የሞላውን ፋይል ወደ ጎን አድርጎ አዲስ ይከፍታል። ሦስት አሮጌ ይይዛል፤ አራተኛ ሲመጣ የመጀመሪያውን ይጥላል።»

«የወንድምህስ ጽሑፍ?»

«ነገ ፍላሽ ገዝቼ እገለብጠዋለሁ። አንድ ወር ገደማ ጊዜ አለኝ።»

ትእዛዙን ጻፈና፣ ሳምንት ከሚጠብቅ ብሎ፣ ለሙከራ በግድ አዞረው፤ የሞላው ፋይል ወደ ጎን ሄዶ አዲስ ተከፈተ። ሠራ።

«ለአንዴማ እኔም አላንስ፤ ድገመው እስቲ!» አልኩት።

ደገመው።

«ዕድልህ ነው!»

እየሳቀ ሦስተኛ አዞረ። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ «በሞቴ፣ አንድ የመጨረሻ!» አልኩ።

አራተኛውን እንደተጫነ ከኋላችን ማተሚያው መንጫጫት ጀመረ። ቦታ አግኝቷል።

«ጋሼ… የመጀመሪያውን ጣለው» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

ሌላ እንዳይጻፍበት የማተሚያውን ገመድ ነቀለ። እስከ ቀትር ፈለገ። የለም።

እትዬ በሰዓታቸው መጥተው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ዛሬስ ምን ይላል ልጄ?»



«እማዬ፣ አጠፋሁት። አንድም አልቀረም።»

«ድገመው እያልኩ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኩ።

ጉልበታቸውን አሹ።

«የትናንቱ ምን ነበር?»

«‹ቁልፌን ረስቼ እማዬ ይዛልኝ መጣች። ስትሳደብ ደስ ትላለች።›»

«ድገምልኝ።»

ደገመላቸው። ከንፈራቸው አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር።