አርብ ጠዋት ዝግ ነው

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ የፀጉር ቤቱን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ፣ አባቷ የዳኛውን ጉንጭ ለሦስተኛ ጊዜ አረፋ እየቀባ ነበር። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ደብተሯን አግዳሚው ላይ ወርውራ አጠገቡ ዘፍ አለች። አባትየው ዞር ሳይል በመስታወቱ አያት። በዚህ ሰዓት ዩኒቨርሲቲ መሆን ነበረባት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ጉንፋን ነው እንዳይባል ጠዋት ደህና ነበረች።

"ምነው፣ በደህና?" አላት።

"በደህና ነው።"

ልጅ "በደህና ነው" ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ነገሩ ደህና እንዳልሆነ ለማወቅ ወላጅ መሆን ብቻ ይበቃል። ሰውዬው ግን መልሶ አልጠየቃትም። ብሩሹን ሳህኑ ውስጥ ነክሮ አራተኛ ዙር ጀመረ። እውነቱን ለመናገር፣ አረፋውን የሚያበዛው ለዳኛው ቆዳ አዝኖ አልነበረም። ከአረፋ በኋላ ምላጭ ይመጣል፤ ምላጭ ከያዘ ደግሞ ሦስት ወር አልፎታል።

ዳኛው ይባል እንጂ ሰውዬው ዳኛ ሆኖ አያውቅም። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ሰፈር ውስጥ ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ አጥር ሲገፋ፣ ውሻ ሰው ሲነክስ ሳይጠሩት ደርሶ ስለሚፈርድ ስሙን ሰፈሩ አወጣለት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ተላጭቷል። ሰሞኑን በቶንዶስ ሲላጭ "ይሁን" እያለ ከርሞ ዛሬ ግን አሻፈረኝ አለ። ነገ ቴአትር የሚሄድ ሰው እንደ በግ በኤሌክትሪክ አይሸለትም፣ ወግ ባለው ምላጭ ይላጫል እንጂ ብሎ ድርቅ አለ።

የምን ቴአትር ለሚል፣ መልሱ መስታወቱ ጥግ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። "አርብ ጠዋት ዝግ ነው። ልጄ እኔን ሆና ስለምትተውን ሁላችሁም ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጋብዛችኋል" ይላል፤ "እኔን" የሚለው ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ድሮ እንኳን ሊለጥፍ ስሙንም አያነሳው። ልጁ ከሦስት ዓመት በፊት የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ገባሁ ብላ የመጣች ቀን፣ ቴአትር ደግሞ ይማሩታል እንዴ፣ ሰው ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስመስል አይደል የሚውለው ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈ። ደንበኛ "ልጅህ ምን ታጠናለች?" ካለው ቶንዶሱን ከፍቶ እንዳልሰማ ይሆን ነበር። ዓመቱ መጨረሻ ላይ እናቷ እየጎተተች አዳራሽ ወሰደችው። ልጅቷ አሮጊት ሆና ገባች፤ ውሃ ለመነች፤ አልሰጧትም፤ ወጣች። ይኸው ነው። እሱ ግን ሰው መሀል ተቀምጦ ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ቤት ገብቶም "አንድ ብርጭቆ ውሃ ነፍገው" እያለ ሚስቱን እንቅልፍ ነሳት። ከዚያ ወዲህ ስለ መድረክ መብራት ሳይማር ከዚያ ወንበር የሚነሳ ደንበኛ የለም።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ናት። የትወና መምህሯ የሰጠቻቸው ሥራ፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድር አንድ ሰው መርጠው ሳምንት ሙሉ እንዲመለከቱ፣ ከዚያም ባዶ መድረክ ላይ ያለ ምንም ዕቃ ያንን ሰው ሆነው አሥር ደቂቃ እንዲቆዩ ነው። ፈተናው ነገ አርብ፣ ቤተሰብና ጎረቤት ባለበት ይሆናል። ያለፈ በመመረቂያው ተውኔት ላይ ይተውናል። የወደቀ ደግሞ መብራት ይይዛል፣ መጋረጃ ይጎትታል። እሷ አባቷን መረጠች።

አባትየው ደስታውን የሚያደርግበት ጠፋው። ልጁ ደብተሯን ዘርግታ በተቀመጠች በመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋዋኑን አስተኩሶ መጣ። ሃያ ዓመት አንድ ቀልድ ከአፉ ያልወጣ ሰውዬ ድንገት ቀልድ አዋቂ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ደንበኞቹ በመስታወት እየተያዩ ምን ነካው ተባባሉ። ፎጣውን እንደ ባንዲራ ያውለበልባል። መቀሱን እያንቀጫቀጨ ወንበሩን ይዞራል፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ የሠራውን ያደንቃል፣ ከዚያ ቀኝ እጁን ቶሎ ብሎ ኪሱ ይከታል። ልጅቷም ምስኪን፣ አንዱንም ሳታስቀር ጻፈች።

ስለ ኪሱ ግን የማታውቀው ነገር ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የአባቷ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል። የሚገርመው፣ መቀስ ጨብጦ ፀጉር ላይ ሲያርፍ ይረጋል፤ ሥራ ሲፈታ ነው የሚከዳው። ስለዚህ ሥራ አያስፈታውም። ፀጉር ሲያጣ አየር ይቆርጣል፤ አየሩም ሲሰለቸው ኪሱ አለ። ምላጩን የተወው ለዚሁ ነው። እንደ መቀስ አየር ላይ ሥራ አይሰጡትም፤ ከጉንጭ ተነስቶ ሊጠረግ ሲል ድንገት ቢከዳውስ ብሎ ፈራ። ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ጆሮውን አምኖ የሚሰጥ ማን አለ? ከመንገዱ ማዶ መስታወቱ ጣሪያ የሚነካ አዲስ ፀጉር ቤት ተከፍቷል፤ ከደንበኛው የሚጠበቀው መንገድ መሻገር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሙያ የለውም።

"ዛሬ የመጨረሻው ልምምድ ነበር" አለች ልጅቷ። "አራት ደቂቃ እንደሠራሁ አስቆመችኝ።"

"ማን?"

"መምህሯ ናታ።"

መምህሯ ቀጭን፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ተማሪዎቹ ፎጣው ሲውለበለብ፣ ቀልዱ ሲወረወር እየሳቁ ሳለ እርሳሷን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው። ከዚያ ለልጅቷ፣ ይህን ሰው አላየሽውም አለቻት። ያየሽው ለአንቺ ብሎ የሚተውን ሰው ነው፤ አንቺ ደግሞ የእሱን ትወና ቀድተሽ አመጣሽልኝ። ነገም ይህንኑ ካመጣሽ አላሳልፍሽም አለቻት።

"እኔ ተወንኩ?" አለ አባትየው፤ ብሩሹ ዳኛው አገጭ ላይ ቆመ።

"እጁ ሲያርፍ የት ነው የሚያርፈው ብላ ጠየቀችኝ። ኪሱ ውስጥ አልኳት። ለምን አለችኝ። መልስ አጣሁ።" ልጅቷ ከግድግዳው ላይ ዓይኗን አንስታ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። "ለምንድን ነው አባዬ?"

"እጁም እጄ፣ ኪሱም ኪሴ። ፈቃድ ማውጣት ነበረብኝ?"

"እኔ እንደሱ አላልኩም።"

"ሌላ ሰው ጠፋ? ጫማ ሰፊው ይኸውልሽ፣ ቀኑን ሙሉ ደጅ ነው የሚሠራው። ሂጂና እሱን አፍጥጠሽ እይው።"

ይህን ያህል ቁጣ ከእሱ ሰምታ አታውቅም። ደብተሯን አነሳች። "ሳምንት ሙሉ አይቼ ያላወቅሁትን በአንድ ማታ አላውቀውም" አለች ቀስ ብላ። "ተወው አባዬ። መብራት እይዛለሁ። መብራትም ሥራ ነው።"

ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ይህቺ "መብራትም ሥራ ነው" ያለቻት ነገር አንጀቱን በላችው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። በስድስት ዓመቷ እናቷን፣ የቤት አከራያቸውን፣ የክሊኒኩን ነርስ እየሆነች ቤቱን በሳቅ የምትገለው ልጅ ናት፤ ፎጣ ተከናንባ እሱኑ ልትላጨው የምትነሳ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ አለ በልቡ። ልጄን ላኮራ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ዋሸኋት፤ ውሸቴን ተሸክማ ሄዳ ሰው ፊት ወደቀች። አፈረ። ግን ደግሞ እውነቱን ቢያሳያት፣ ነገ አዳራሹን የሚሞሉት እሱ ራሱ ለምኖ የጠራቸው ደንበኞች ናቸው። ያችን እጅ መድረክ ላይ ያዩ ዕለት አንድ በአንድ መንገድ ይሻገራሉ።

"አረፋው ደረቀ" አለ ዳኛው ከወንበሩ።

"ይቅርታ። እንደገና ልምታው።"

"አትምታው። አራት ጊዜ መታኸው፤ ኬክ አደረግከኝ እኮ።" ዳኛው ዓይኑን ገለጠ። "እኔ ሠላሳ ዓመት የኖርኩት የኋላ መስታወት እያየሁ ነው። ማን ቲኬት ሳይቆርጥ እንደተቀመጠ፣ ማን ኪስ እንደገባ አይቀርብኝም። አንተ ደግሞ እዚህ ሦስት መስታወት ሰቅለሃል።"

ፀጉር አስተካካዩ ብሩሹን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

"ፀጉሬ እንደሁ ጆሮዬ ላይ ያለችው ብቻ ናት" ቀጠለ ዳኛው። "እሷን ለመቁረጥ ግማሽ ሰዓት መቀስ ይንቀጫቀጫል? ክረምት ላይ ነው ያየሁት።"

"ለማን ነገርክ?"

"ለማንም።"

"ሰው ቢያውቅ..."

"እኔ አውቄ በየሐሙሱ መጣሁ። ስለ ሌላው አልፈርድም፤ የሚሄድም አይጠፋም።" ዳኛው አንገቱን ወደ ኋላ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። "በል ምላጩን አምጣና ገላግለኝ፤ ጉንጬ አሳከከኝ።"

ሰውዬው ነጩን ጋዋን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ከሥሩ የለበሳት አሮጌ ሸሚዝ የደረት ኪስ እንኳ የላትም። ወደ በሩ ሄደ፤ ልጁ ጉልበቷን አቅፋ የመንገዱን መኪና ታያለች።

"ነይ ግቢ" አላት። "ደብተርሽን ያዢ። አግዳሚው ላይ አይደለም፣ እዚህ አጠገቤ ቁሚ።"

አረፋውን በሙቅ ውሃ አርሶ፣ መሳቢያውን ከፍቶ ምላጩን አወጣ። አየር ላይ ሳለ ስለቱ እየተርገበገበ የመብራቱን ጨረር ግድግዳው ላይ በተነው። ልጅቷ አየችው። ሰውዬው የመዳፉን ጥግ ዳኛው መንጋጭላ ላይ አሳረፈ፤ እጁም ረጋ። ከጆሮ እስከ አገጭ አንድ ንጹሕ መንገድ ወጣ። ምላጩ በተነሳ ቁጥር ይርገበገባል፤ ቆዳ ሲነካ ይረጋል። ዳኛው እስኪያልቅ ድረስ ዓይኑን አልገለጠም። አንድ ጠብታ ደም እንኳ አልወጣም።

ከጨረሰ በኋላ ምላጩን አጥቦ አስቀመጠ። ነጭ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ቀኝ እጁን ባዶውን አስተኛበት። መጀመሪያ እጁ ረጋ ብሎ ነበር፤ ቆይቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅቷ ዕንባዋ ደብተሯ ላይ ተንጠባጠበ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከክረምት።"

"እማዬ ታውቃለች?"

"ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።"

"ሐኪም ቤት ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን" አለች፤ የእናቷን ድምፅ ነበር ያወጣችው። እሺ አላት።

"በይ አሁን ጻፊ።"

አልጻፈችም። ደብተሩን ዘግታ የራሷን ቀኝ እጅ ፎጣው ላይ ከእሱ ጎን አስተኛችና ልታንቀጠቅጠው ሞከረች።

"አበዛሽው" አላት። "ይህ እኮ የብርድ ነው። አውራ ጣት ብቻ ነው የሚጀምረው፤ ሌሎቹ ሳይፈልጉ ይከተሉታል። እዪ፣ እንዲህ። ትከሻሽን ደግሞ ልቀቂው፤ እኔ ትከሻዬ እንደማያውቅ ሆኖ ነው የሚቆመው።"

እንደገና ሞከረች። አላማረውም። ሙያ እንደሚያስተምር ሰው ጣቷን ይዞ ቦታውን አሳያት፤ አላማረውም፤ ደግማ ሞከረች። ዳኛው አንገቱ ላይ ፎጣ እንደተጠመጠመ ተነስቶ ከላይ ሆኖ ሁለቱን እጆች ትክ ብሎ አየ። ብዙ ቆይቶ፣ አሁን ልክ ነው ብሎ ፈረደ።

ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። "ነገ ሰፈሩ በሙሉ አለ እኮ አባዬ" አለች። "ከፈለግህ ለመምህሯ ብቻ ላሳያትና ሰው ፊት ሳልወጣ..."

አባትየው ወደ መስታወቱ ዞረ። በሙቅ ውሃው እንፋሎት የማስታወቂያው አንድ ጥግ ተላቆ ወረቀቱ ወደ ታች ተጠማዟል። ጎተት ቢያደርጉት የሚወድቅ ነው። ሰውዬው አንብቦት የማያውቅ ይመስል ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?"

"ሦስት ሰዓት።"

"እንግዲያው በጊዜ እንነሳ" አለና፣ የተላቀቀውን ጥግ በቀኝ አውራ ጣቱ እስኪያያዝ ድረስ ተጭኖ ለጠፈው።