ከደለል የወጣው ሞተር

ክንዱ የተባለውን ወጣት ከማንኩሳ ሲመለስ ደራሽ ውሃ ወሰደው። ሞተር ሳይክሉ ከደለል ውስጥ ወጣ፤ እሱ ግን አልተገኘም። በአራተኛው ዓመት ታናሽ ወንድሙ ወንዳወቅ ሞተሩን ፍኖተ ሰላም ወዳለው ጋራዡ ወስዶ ፈታታው። አሸዋውን አጠበ፣ ካርቡራተሩንና ጎማ የሚያዞረውን ካቴና ቀየረ፣ ደህና መብራት ገጠመለት። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ጤነኛ ስለነበር አልነካውም፤ የሞተሩም ድምፅ ክንዱ ሲነዳው እንደነበረው ቀረ።

እየነዳ ቤት ሲደርስ እናቱ እማሆይ ሀብትነሽ ድምፁን ከሩቅ ሰምተው የግቢውን በር ከፍተው ቆመዋል። የበራው ፊታቸው እሱን ሲያዩ ጨለመ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«አየሁ፣ ልጄ» አሉና ገቡ።

ወንዳወቅ በማግሥቱ ማርሚታውንም ቀየረ። የሞተሩ ድምፅ ሌላ ሆነ። ሲመጣ በሩ ዝግ ነበር፤ እናቱ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«ያን ድምፅ ምን አደረግኸው?»

«እንዳይጨነቁ ብዬ ለወጥሁት።»

«መልሰው። ከዚህ ተነሥቼ በሩን እስክከፍት ድረስ ልጄ በሕይወት አለ።»

አሮጌውን ማርሚታ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀዋል፤ እሱም ሲቃረብ የእናቱን ፊት ላለማየት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል።