ከፕላስተሩ ሥር

የአክስቴን ጉሮሮ ነገ ጠዋት ይከፍቱታል። ሐኪሙ አላድበሰበሰም፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፅ የሚባል ነገር አይኖራትም። ዛሬ ግን አለ፤ የሻከረ፣ የሚቆራረጥ፣ ቢሆንም የራሷ። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የባዮሎጂ መጽሐፍ በድምፅ ስታነብ አራት ወር ሆኗታል። የቀራት አንድ ምዕራፍ ነው፤ ስለ ኩላሊት፣ ዘጠኝ ገጽ። ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የምቀዳው እኔ ነኝ፤ እኔን ያሳደገችው እሷ።

ስቱዲዮው ምድር ቤት ነው። የማንበቢያዋ ክፍል ቁም ሣጥን ብታክል ነው፤ ግድግዳዋ በስፖንጅ ተለብጧል፤ በሯ ከውስጥ እጀታ የላትም። እጀታው ከተነቀለ ዓመት አልፎታል፤ የሚያስገጥም ጠፋ። የገባ ሰው ካልከፈቱለት አይወጣም። ማራገቢያም አይበራም፤ ማይኩ ይሰማዋላ።

«ጀምሪ» አልኳት በማነጋገሪያው።

አንድ ገጽ ሳትጨርስ በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ «ጭ» አለ፤ አንድ ሰው ጥርሱን በጥፍሩ የመታ ይመስል። ሃምሳ ሰከንድ ቆይቶ ደገመው።

«ምነው?» አለች በመካከላችን ካለው መስታወት ወዲያ ቀና ብላ።

«ምንም። ከመጀመሪያው እንሂድ።»

ገመድ ቀየርኩ፤ ደግማ አነበበች፤ ጭ። ማይክ ቀየርኩ፤ ደግማ አነበበች፤ ጭ። ያኔ ገባኝ። አንዱ መሣሪያ፣ መቀየሪያው፣ ድምፁን በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይቀይራል፤ ሌላው፣ መቅጃው፣ ቁጥሩን በዚያው ፍጥነት ተቀብሎ ያስቀምጣል። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ምት ካልሄዱ አንዱ በፀጉር ያህል ይቀድማል፤ ልዩነቱ ሲጠራቀም ጥቂት ቁጥሮች መሐል ላይ ይወድቃሉ። ጭ የሚለው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት የገባልን አዲሱ መቅጃ ሰዓት መስጠት እንጂ መቀበል አያውቅም። ስለዚህ ከመቅጃው ወደ መቀየሪያው የሰዓት ገመድ ዘርግቼ ነበር። ገመዱን ቀየርኩና ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ጭ፣ ጭ፣ ጭ።

የስቱዲዮው ኃላፊ ከኋላዬ ቆመዋል። በሌሉበት ጋሽ አይነካም እንላቸዋለን፤ የዕቃው ሁሉ ጀርባ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በቀይ እስክሪብቶ «አይነካም» ይጽፋሉ። ይህን ቃል እጠላዋለሁ። አይነካም ብሎ የሚጽፍ ሰው ለምን እንደማይነካ አይጽፍም። ምክንያቱ ይሞታል፣ ትእዛዙ ይቀራል፤ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ለሬሳ ሲታዘዝ ይኖራል። ይህንን በየስብሰባው ጮኼያለሁ። ጮኼ ስጨርስ ግን፣ ባለፈው ሳምንት ገመዱን ስሰካ፣ መቀየሪያው ጀርባ ላይ ያለችውን ፕላስተር እንደ ታቦት በሩቁ ዞርኳት።

«ጋሼ፣ ከዚህች ሥር ምንድን ነው ያለው?»

«አይነካም።»

«እሱማ ተጽፏል! ምን አለ ነው የምልዎት?»

«አንተ ሳትቀጠር ያስተካከልኩት ነው። ሲሠራ ኖሯል።»

«ከድሮው መቅጃ ጋር! እሱ እኮ ተጥሏል!»

«አትጩህብኝ፤ የእናትህ ልጅ አይደለሁም!»

«እናንተ ስትጣሉ እኔ እዚህ ልቀቀል?» አለች አክስቴ። ድምፅዋ በግማሽ ወርዷል።

ፕላስተሯን ላጥኳት። ከሥሯ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ በአንድ በኩል «የራስ ሰዓት»፣ በሌላው «የውጭ ሰዓት»። «የራስ» ላይ ተቀምጣለች። በድሮው መቅጃ ዘመን ሰዓት የሚሰጠው መቀየሪያው ነበርና ልክ ነበረች። አሁን ግን በገመድ የሚመጣለትን ሰዓት ሳይሰማ በራሱ ይቆጥራል። ወደ «ውጭ» ገፋኋት። ስትርገበገብ የነበረችው የመቀየሪያው አረንጓዴ መብራት ረጋች።

«ያኔ ልክ ነበር» አሉ ጋሽ አይነካም ቀስ ብለው።

ልሳደብ አፌን ስከፍት አክስቴ መስታወቱን አንኳኳች። በሩን ከፈትኩላት፤ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ።

«አንተ ልጅ፣ መሞከሪያ ስትፈልግ ለምን አንተ አልገባህም? አንድ ሁለት ሦስት ማለት አቅቶህ ነው?»

ይሄኛው ይሳካል፣ ይሄኛው ይሳካል እያልኩ ስድስት ጊዜ አስነብቤያታለሁ። ፕላስተሩ የጋሼ ጥፋት ነው፤ ይሄ ግን የኔ ነው።

ገብቼ አንድ ሁለት ሦስት አልኩ፤ ድምፁ ጠራ። ከዚያ እሷ አነበበች፤ ሦስት ገጽ፣ አንድም ጭ የለም። አራተኛው መጨረሻ ላይ «ሽንት ቧንቧ» ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አየር ብቻ ወጣ። ውሃ ጠጣች። ሞከረች። አየር።

ከፈትኩላት፤ ወጣች፤ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችና በጣቷ ወደ ክፍሉ አመለከተችኝ።

«እኔ? የኔ ድምፅ እኮ ለጠብ እንጂ ለማንበብ አይሆንም።»

«ከኩላሊት ጋር ምን ያጣላሃል?» አለች በሹክሹክታ።

ጋሼ በሩን ከኋላዬ ዘጉት። ወንበሩ ከእሷ ሙቀት ገና አልበረደም። እሷ ካቆመችበት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበብኩ፤ «ድገም» ለማለት እጇን አነሳች። ደገምኩ፤ አነሳች። ላቤ ገጹ ላይ ጠብ አለ። በዝግታ፣ ማንንም እንደማልከስ ሆኜ ደገምኩ። አሁንም አነሳች። በመስታወቱ ውስጥ ፊቷን ለማየት ፈራሁና መጽሐፉን ብቻ እያየሁ አነበብኩ።

ቀና ስል እጇ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገጹን ገለጥኩ።