ባዶው ማሽን

«ባዶውን አስነሺው! ቶሎ በይ፣ አዳራሹ ዝም አለ እኮ!» አለች አስካለማርያም፣ በሁለት እጇ የተበጠሰውን ቺንጊያ እንደያዘች።

ሰዓዳ ሮጣ የጥጉን ማሽን ማብሪያ ተጫነችው። ሱፍ ያልገባበት ማሽን ጥርሱን እያፋጨ መጮህ ጀመረና አዳራሹ እንደ ወትሮው በጩኸት ተሞላ። አስካለ ቀና ብላ ከብረት ደረጃው በላይ ያለውን የቢሮ መስኮት አየች። መጋረጃው አልተነቃነቀም። እፎይ አለች።

ጋሼ ወንድይፍራው እግሯ ሥር ተንበርክከው ቺንጊያውን በሽቦ ይሰፋሉ። ሱፍ የሚያበጥረውን ዋናውን ማሽን የሚያዞረው ይኸው ቺንጊያ ነው። ዕድሜውን ከጨረሰ ቆይቷል፤ ሲበጠስ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይበጠሳል።

«ስንተኛው ስፌት ነው ጋሼ?»

«መቁጠሩን ትቼዋለሁ ልጄ። ቺንጊያው ሽቦውን ይያዘው፣ ሽቦው ቺንጊያውን ይያዘው፣ እሱንም አላውቅ። ፒንሳውን አቀብዪኝ።»

ኮልፌ፣ ከመንገዱ በታች ያለው ይህ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አብዮቱ ሳይፈነዳ የአንድ ነጋዴ ነበር። ከተወረሰ ወዲህ ባለቤቱ ሰፊው ሕዝብ ነው ተባለ፤ ሰፊው ሕዝብ ግን ቺንጊያ አልገዛለትም። በምትኩ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ በዋናው በር ላይ በቀይ ቀለም መመሪያ አጻፈ፦ «ማሽን ያቆመ ምርት ያቆመ፤ ምርት ያቆመ አብዮት ያቆመ።» ከዚያ ወዲህ ማሽን ዝም ባለ ቁጥር ከላይ ሰው ይወርዳል። ምን ተበላሸ ብሎ አይጠይቅም፤ ማን አቆመው ብሎ ነው የሚጠይቀው። ማሽኑ ሳያርፍ ሲጮህ የዋለለት ደግሞ ኮከብ ሠራተኛ ይባላል፤ ፎቶግራፉ ይሰቀልለታል፣ ስኳርና አቡጀዲ ይሸለማል። ሠራተኛ ሞኝ አይደለም፤ በሚለካበት በኩል ይበረታል። ቢሮው የሚለካው በጆሮው ነበርና አዳራሹም ጩኸት ማምረት ተማረ።

ዝም ያላለው ገመቹ ብቻ ነበር። ማሽኖቹን የሚጠግነው እሱ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ቢሮ ገብቶ ቺንጊያው አልቋል፣ አዲስ ካልተገዛ ሱፉ በወጉ አይበጠርም፣ ክሩም አይጠብቅም ብሎ ተናገረ። ከሳምንት በኋላ ከበላይ አካል «እንደተቆረጠ በምን አወቅህ? ማን ቆረጠው?» የሚል ጥያቄ መጣለት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ላንድሮቨር መጣችና ወሰደችው። ሚስቱ ስንቅ ይዛ በየእስር ቤቱ ዞረች፤ የደረሰችበት ሁሉ «እዚህ የለም» አላት። ቱታው እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር አልወረደም። ያወረደው ሰው ወዳጁ ነው እንዳይባል፣ ሁሉም በአጠገቡ ሲያልፍ ወደ ሌላ ያያል። ዝም አይነቅዝም፣ ያሉት አባቶች እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ አማኝ አግኝተው አያውቁም።

ጋሼ ወንድይፍራው ሰፍተው ጨረሱ። ዋናው ማሽን እያነከሰ መዞር ሲጀምር ሰዓዳ ባዶውን አጠፋችና በበሩ ሽንቁር ወደ ግቢው አጮለቀች።

«የወታደር ካሚዮን ቆሟል» አለች ስትመለስ፣ አፏን ወደ አስካለ ጆሮ አስጠግታ። «ብርድ ልብስ እያራገፈ ነው።»

«እየጫነ ነው በይ እንጂ።»

«እያራገፈ ነው አልኩሽ! ከግንባር የተመለሰ ነው። ተተረተረ ብለው ነው አሉ የመለሱት።»

ሦስቱም ተያዩ። ፋብሪካው ላለፉት ወራት የሠራው ሁሉ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር የሚሄደው። ለነጋዴ የተሸጠ ብርድ ልብስ ቢተረተር ነጋዴው ይሳደባል፤ የወታደር ብርድ ልብስ ሲተረተር ስሙ ሌላ ነው። አሻጥር ይባላል።

«እግዚኦ» አሉ ጋሼ ወንድይፍራው። ከዚያ የሁለቱን ሴቶች ፊት አይተው ለመቀለድ ሞከሩ። «ይልቅ አስካለ፣ ለዛሬው ስብሰባ ጥናትሽን ያዝሽ?»

ዓርብ ነበር። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሂስና ግለሂስ አለ። በስብሰባው ሠራተኛው የጓዱን ጥፋት ማጋለጥ አለበት፤ ጥፋት ያጣ እሱ ራሱ ጥፋተኛ ነው። የአዳራሹ ሰዎች ለዚህም መላ አበጅተውለታል፤ በተራ ይወቃቀሳሉ። ጥፋቱን የሚመርጠው ተወቃሹ ራሱ ነው፣ ወቃሹ ያጠናዋል። ባለፈው ዓርብ ሰዓዳ «መዝሙር ሲዘመር ድምጿን ትቀንሳለች» ተብላ ተወቀሰች፤ ለማረም ቃል ገባች፤ ተጨበጨበላት። የዛሬው ተወቃሽ ጋሼ ወንድይፍራው ናቸው፣ ወቃሿ አስካለ።

«ይዤዋለሁ» አለች አስካለ። «ጓድ ወንድይፍራው ሻይ ሊጠጡ ማሽን ያቆማሉ።»

«እኔ ደግሞ ብሞት ከእንግዲህ ሻይ አልቀምስም እላለሁ። በጭብጨባ ታሳልፉኛላችሁ።»

ሰዓዳ ሳቀች። አስካለ ግን ሳቁ አልመጣላትም፤ ተላላኪው ከደረጃው ላይ ሆኖ በእጁ ሲጠራት አይታ ነበር።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ጓድ አምሐ በሩን ራሱ ከፈተላትና ራሱ ዘጋው። ድሮ የነጋዴው ጸሐፊ ሳለ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው የማያስቀይም ሰው ነበር። የአስካለ ባል የሞተ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ከለቀስተኛው ጋር ሦስት ቀን አብሯት ተቀምጧል። ዛሬ ሲጋራ በሲጋራ ይለኩሳል።

«ተቀመጪ» አላት። ወደ ቀጣዩ ክፍል በአገጩ አመለከተ። «ድምፅሽን ቀንሺ። ከላይ ሰው መጥቷል። የተመለሰውን ብርድ ልብስ አይተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ስም ይዤ ነው የምሄደው ብሏል።»

«የምን ስም?»

«የአሻጥረኛ ስም ነዋ!» ጭሱን ዋጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ አስካለ። ዛሬ ወቃሿ አንቺ ነሽ። ተወቃሹ ወንድይፍራው ነው። እንዴት አወቁ አትበዪኝ፣ በተራ እንደምትወቃቀሱ ካወቅኩ ቆይቷል። ማንን ጎዳ ብዬ ተውኳችሁ። ዛሬም ያጠናሽውን ነው የምትዪው። አንድ ቃል ጨምሪ አልልሽም።»

አስካለ መጀመሪያ አልገባትም። ያጠናችውን በልቧ ደገመችው፤ ጓድ ወንድይፍራው ማሽን ያቆማሉ። ያን ጊዜ ገባት። በዋናው በር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው መመሪያ ታያት።

«ጋሼ ምን አደረጉ? ለሻይ እኮ ነው። ለቀልድ ነው የተባለው።»

«አውቃለሁ። አንቺ ማሽን ያቆማል በይ፤ የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል።»

«ጓድ አምሐ፣ እርስዎም ያውቃሉ፤ ቺንጊያው ነው...»

«እንዳትጨርሺው!» መዳፉን ዘረጋ፣ አፏን ሊይዝ የፈለገ ይመስል። «ገመቹም እዚህችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቺንጊያ አለኝ። ወደ ላይ ጻፍኩ። ቺንጊያው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ የውጭ ምንዛሪ የለም። የመጣልኝ መልስ ማን ቆረጠው የሚል ነው። ዛሬ ስም ካልሰጠሁ ቆራጩ እኔ ነኝ። ልጆች አሉኝ አስካለ።»

«እኔም ልጅ አለችኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው የጠራሁሽ» አለ አምሐ፤ ዓይኑን ግን ሊያሳያት አልቻለም። «ከዚህ በኋላ ኮከብ ሠራተኛ ትባያለሽ፤ ማንም አይነካሽም። ዝም ካልሽ ግን እዚያው ማሽን ላይ የምትሠሪው አንቺም ነሽ። እኔ ላተርፍሽ አልችልም።»

በአዳራሹ በኩል ለመውረድ አቅም አጣች። በውጭ ባለው ደረጃ ዞራ ግቢው ውስጥ ገባች። ብርድ ልብሱ ጭቃው ላይ ተከምሯል። አንዱን በጣቶቿ ይዛ ሳብ ስታደርገው ያለ ድምፅ ለሁለት ተከፈለ። ጭስ ጭስ፣ ሰው ሰው ይሸታል። ሌላው ላይ የደረቀ ጥቁር ነገር ነበረበት፤ ምን እንደሆነ ማወቅ ስላልፈለገች ጣለችው። ከሠፈሯ ከቀራንዮ የዘመቱት ልጆች ፊት አንድ በአንድ መጣባት። ጎረቤቷ ዋጋነሽ ልጇን ስትሸኝ «አንቺ የሠራሽውን ነው የሚለብሰው፣ አይበርደውም» ብላት ነበር። አስካለ አፈረች። ፈርታ ኖራለች፤ ፍርሃት ግን የራሷን ቤት ብቻ የሚያንኳኳ ይመስላት ነበር። ለካ እሷ ዝም ባለች ቁጥር፣ ማዶ የሆነ ልጅ ሲበርደው ያድራል።

ብናገር እንደ ገመቹ ነኝ፣ አለች በልቧ። ሸዋረጋ ገና አራተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ተመልሳ በሩ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ሲመሽ፣ ጎረቤት ሲመጣ ታያት። ሐሳቡ እግሯን አሰረው። ያጠናሁትን እኮ ነው የምለው፣ አንድ ቃል እንኳ አልጨምርም፣ አለች ደግሞ፤ የአምሐ ቃል በራሷ አፍ ሲመጣ ሰምታ ደነገጠች።

አዳራሹ ስትገባ ጋሼ ወንድይፍራው ቆሏቸውን በወረቀት ጠቅልለው አቆይተውላታል።

«ምን ብሎሽ ነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ምንም። ስለ ስብሰባው ነው።»

«እንኪ፣ ቅመሺ። ሻይዋን ብቻ እንዳትረሺ።» ሳቅ አሉ። «ደግሞ ኮስተር ብለሽ ተናገሪ፤ ባለፈው ሰዓዳ ስትወቀስ ልትስቂ ነበር።»

አስካለ ቆሎውን ተቀበለች፤ ወደ አፏ ግን አላደረሰችውም። ሰውዬው ሰባት ዓመት አብረዋት ሠርተዋል። ባሏ በታመመ ጊዜ የእሷን ሥራ ደርበው የሠሩላት እሳቸው ነበሩ፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። አሁን ደግሞ መውደቂያቸውን በቃሏ መያዝ አለመያዟን እያረጋገጡ ነው።

ያኔ ቺንጊያው ተበጠሰ።

ጫፉ ተወርውሮ የጋሼ ወንድይፍራውን ጆሮ ገረፈው። ዋናው ማሽን አጓራ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ሽማግሌው የደማውን ጆሯቸውን እንኳ ሳይነኩ ፒንሳቸውን ይዘው ተንበረከኩ። ሰዓዳም እንደ ልማዷ ወደ ጥጉ ሮጠች። እጇ ማብሪያው ላይ ሲያርፍ አስካለ ደረሰችና ክንዷን ያዘቻት።

«ተዪው።»

«ምን?»

«ባዶውን አታስነሺው።»

«አብደሻል? ይሰማሉ እኮ!»

«ይስሙ» አለች አስካለ። የሻሿን ጫፍ ፈታችና የቤቷን ቁልፍ አውጥታ በሰዓዳ መዳፍ ላይ አኖረችው። «ሸዋረጋ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በር ላይ እንዳትቆም። ዛሬ አንቺ ዘንድ ትደር።»

«አስካለ፣ በአላህ፣ በልጅሽ...»

አዳራሹ ዝም አለ። ከአጥሩ ማዶ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሲቆም፣ የታክሲ ወያላ ወደ ጦር ኃይሎች ሲጣራ ተሰማ። ከዚያ አዳራሽ ሆኖ ውጭውን የሰማ ሰው ከተገኘ ስንት ጊዜው ነው! ጋሼ ወንድይፍራው ከተንበረከኩበት ቀና ብለው ሁለቱን ሴቶች አዩ፤ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ፒንሳው ከእጃቸው ወደቀ።

የመስኮቱ መጋረጃ ተገለጠ። በሩ ተከፈተና አምሐ ደረጃው ራስ ላይ ወጣ። ከኋላው አንድ ባለ ካኪ ሰው ቆሟል።

«ማነው ያቆመው?» አለ ባለ ካኪው። ጮክ አላለም፤ መጮህ አላስፈለገውም።

አምሐ የደረጃውን ብረት ጨብጦ አስካለን ብቻ ያያል። ራሱን በቀስታ ግራና ቀኝ ወዘወዘ፣ አይሆንም እንደ ማለት። አስካለ ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳች። ጎንበስ ብላ ከጋሼ ወንድይፍራው ፊት የወደቀውን ቺንጊያ አነሳችው፤ እንዳሰበችው ቀላል አልነበረም፣ ሽቦው አክብዶታል።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምጿ በዚያ ዝምታ ውስጥ እስከ ላይ ደረሰ። «ቺንጊያው አልቋል ጌታዬ። ከክረምት ጀምሮ አልቋል። ወርደው ይዩት።»

ባለ ካኪው አምሐን ዞሮ አየው። ከዚያ የቡትስ ጫማው ብረት ደረጃውን እየመታ መውረድ ጀመረ።

ሰዓዳ እጇን ከማብሪያው ላይ አነሳች። ቁልፉን በጡቶቿ መሃል ሸጎጠችው።