እትዬ አቤትና ገመድ አልባው ስልክ

በእንስሳት ክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ የምትቀመጠውን ሴት በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ስልክ ሲጮኽ «ሃሎ» ማለት አይሆንላትም። አንስታ «አቤት!» ትላለች፣ እናቷ ከጓሮ የጠራቻት ይመስል። በዚህ የተነሳ ደንበኛው ሁሉ «እትዬ አቤት» ይላት ጀመር። ከክሊኒኩ ማዶ ልብስ የሚሰፋው ባሏም ለማሾፍ ብሎ ጀምሮት ሳያስበው ለምዶት ቀረ።

እትዬ አቤት ሥራዋን ትወዳለች። እንስሳቱንም፣ ባለቤቶቻቸውንም ትወዳለች። የማይመቻት ስልኩ ብቻ ነበር። እጀታው በተጥመለመለ ገመድ የታሰረ ስለሆነ ቢጎትቱት ከመስኮቱ አያልፍም። ደንበኛ ዶክተሯን ሲፈልግ እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ በረጅሙ ኮሪደር ወደ ኋላ ትሮጣለች። ዶክተሯ «ምግብ ይበላል ወይ በይው» ትላታለች፤ ተመልሳ ትሮጣለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ደግሞ ሌላ ሩጫ። ደንበኛው እስከዚያ ድረስ የውሻ ጩኸት ያዳምጣል።

«አንቺን እኮ የቀጠሩሽ ለስልክ ሳይሆን ለሩጫ ነው» ይላታል ባሏ፣ ቤት ገብታ እግሯን ስታሽ እያየ።

አንድ ቀን ጆሮዋን ታማ የመጣች ፍየል ወረፋ ስትጠብቅ ሰለቻትና ገመዱን አገኘችው። እትዬ አቤት ስለ ድመት ክትባት እያስረዳች ሳለ መስመሩ ጭጭ አለ። ጎንበስ ብላ ስታይ ፍየሏ በእርጋታ እያኘከች ሽቅብ ታያታለች።

«ወይኔ፣ ይቅርታ እትዬ!» አለ የፍየሏ ባለቤት። «እሷ እንደሆነች ነገር አትመርጥም።»

ዶክተሯ መጥታ ያልተዋጠውን ከፍየሏ አፍ ፈልቅቃ ካወጣች በኋላ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ተዋት፣ ሳታውቀው ውለታ ነው የዋለችልን። ገመድ አልባ እንገዛለን።»

አዲሱን ስልክ የተከለው ባለሙያ ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል። «ሁለት እጀታዎች ናቸው። አንድ ቁጥር እዚህ፣ ሁለት ቁጥር ምርመራ ክፍል። አረንጓዴው ማንሻ፣ ቀዩ መዝጊያ። ይሄ መስመር ማቆያ ነው፤ ደንበኛው ሙዚቃ እየሰማ ይጠብቃል። ይሄ ድምፅ ማጥፊያ፤ እርስዎ ይሰሙታል፣ እሱ ግን አይሰማዎትም። ይሄ ስፒከር። በዚህ ደግሞ ከሁለት ቁጥር ጋር ትገናኛላችሁ። ሲጨርሱ መቀመጫዋ ላይ ይመልሷት፣ አለበለዚያ ባትሪዋ ያልቃል። ገባዎት?»

«ገባኝ» አለች። የገባት ቀለሙ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉድ የታየባቸው ነበሩ። መስመር ማቆያው ከቀዩ ቁልፍ ጋር ጎረቤታሞች ስለሆኑ «አንዴ ይጠብቁኝ» ባለች ቁጥር ሰው ፊት ትዘጋለች። የተዘጋባቸው መልሰው እየደወሉ «ምን አስቀየምኩሽ፣ እትዬ?» ይላሉ። አንድ ጠዋት ደግሞ እጀታዋ ራሷ ጠፋች። መሳቢያው ተፈለገ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ተገለበጠ። በመጨረሻ መቀመጫው ላይ ያለችውን መጥሪያ ስትጫናት ጩኸቱ ከመኖ ጆንያዎቹ መሃል ተሰማ። ከሕመሟ ያገገመች ድመት፣ እጀታዋ ሞቅ ስላለቻት፣ ሆዷን ለጥፋ ተኝታባታለች።

የባሰው ግን የበቀቀኑ ባለቤት ነገር ነው። እኚህ ጡረታ የወጡ መምህር ስለ ወፋቸው ማውራት ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። እትዬ አቤት ድምፅ ማጥፊያውን የተጫነች መስሏት ወደ ዶክተሯ ዞረችና «ያ ለፍላፊው ሰውዬ ነው። ከወፉ ይልቅ የእሱ ምላስ ቢታይለት ይሻል ነበር» አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ቀን ግን ባለቤቱ ስልኩ ውስጥ ነበር።

«እትዬ፣» አለ ድምፁ ረጋ ብሎ፣ «ዶክተሯ ምላስም የምታክም ከሆነማ ሁለታችንም እንመጣለን።»

ያን ዕለት ምሳ አልበላ አላት። ባሏ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ እንባው እስኪወርድ ሳቀባት። ቀጥሎ ግን መርፌውን ደረቱ ላይ ሰካና «በይ ተነሺ፣ እንለማመድ። እኔም የስፌት መኪናዬን የለመድኳት ስንት ጊዜ ጣቴን ወግታኝ ነው» አላት። እሱ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ከኪስ ስልኩ ደወለ፤ እሷ ከመንገዱ ማዶ መስኮቱ ጋ ቆመች። ይተያያሉ።

«አቤት!»

«እባክዎ፣ ሱሪ ላሳጥር ፈልጌ ነበር።»

«የእንስሳት ክሊኒክ ነው የደወሉት፣ ጌታዬ።»

«ሱሪው የበሬ ነው።»

«እንግዲያው አንዴ ይጠብቁኝ» ብላ መስመር ማቆያውን ተጫነችው። ባሏ ማዶ ሆኖ ትከሻውን በሙዚቃው ሲነቀንቅ አየችው። መልሳ ብታነሳው «ለምን አቋረጥሽው? ገና እየጣመኝ ነበር!» አላት። እስከ ማታ ሥራው ረገብ ባለ ቁጥር እንደዚያ ሲያደርጉ ዋሉ። ድምፅ ማጥፊያው ሲበራ ትንሽ ቀይ ምልክት እንደሚታይ፣ መስመር ማቆያው ደግሞ ቁልፉ ጫፍ ላይ ከፍ ያለች ነጥብ እንዳለችው በጣቷ ዳብሳ አወቀች። ሳያዩ መለየት ይቻላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እየተዝናናች መጣች። እጀታዋን ይዛ ጓሮ ትወጣለች፣ ጥንቸሎቹን እየመገበች ቀጠሮ ትሰጣለች። እግሯም ማታ ማታ መቆርጠሙን ተወ።

በዚህ መሃል አንድ ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ የልጅ ካልሲ የዋጠ ውሻ ሆድ ከፍታ ቀዶ ጥገና ላይ ሳለች ስልኩ ጮኸ።

«አቤት!»

«እትዬ፣ ዶክተሯን ቶሎ!» የሚያለከልክ ጎልማሳ ነበር። ከከተማው ውጭ ከብት የሚያረባ ሰው ነው። «ላሜ ምጥ ላይ ናት። ጥጃው አንድ እግሩ ብቻ ነው የወጣው። ጠዋት የጀመራት ነው፤ አልቻለችም።»

«አይዝጉት፣ ይዤዎት ወደ ዶክተሯ እየሄድኩ ነው» አለችና እያወራችው ኮሪደሩን ተያያዘችው።

ዶክተሯ ቀና አለች። ሁለት እጇ ውሻው ሆድ ውስጥ ነው። «ትቼው መሄድ አልችልም፣ እትዬ። ስፒከር አድርጊው።»

አደረገችው። ነገር ግን የክፍሉ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ድምፁ ይንሿሿል፣ ይቆራረጣል። እትዬ አቤት ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፣ በሩ ደፍ ላይ ቆማ እጇን ከፍ ስታደርግ ጠራ። እዚያው ቀረች፣ ክንዷን እንደ ባንዲራ እንጨት ዘርግታ።

«ጭንቅላቱ ይታያል?» ዶክተሯ ጠየቀች።

«አፍንጫው ይታያል፤ ምላሱም ወጣ ብሏል።»

«ምላሱን ስትነካው ምን ያደርጋል?»

ነክቶ አየው። «ወደ ውስጥ ይስበዋል።»

«እሰይ! በሕይወት አለ ማለት ነው። ሁለተኛው እግሩ ጉልበቱ ላይ ታጥፎ ነው የቀረው። እስከ ትከሻህ ድረስ በሳሙና ታጠብ፤ ሳሙናው በደንብ ያንሸራትት። ስልኩን ማን ይያዝልህ?»

«እናቴ ይዛዋለች።»

«አለሁ፣ አለሁ» አለ ከጆሮ ቅርብ የሆነ የአሮጊት ድምፅ።

ዶክተሯ ቃል በቃል ነገረችው። ላሟ ስታምጥ ዝም ብሎ እንዲጠብቅ፣ ስታርፍ ጥጃውን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ እንዲገፋው፣ ቦታ ሲያገኝ የታጠፈውን እግር ተከትሎ ሰኮናውን በመዳፉ እንዲሸፍነው። «ሰኮናው ማህፀኗን እንዳይቀድባት። ሸፍነህ ነው ወደ ፊት የምታመጣው፣ ገባህ?»

«ገባኝ» አለ ሰውየው። ከዚያ የላሟ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ጀመር። ዶክተሯም ወደ ውሻው ተመለሰች። እዚያም እዚህም የሚሠሩት ወደ ሥራቸው ገቡ፤ ለወሬ የቀሩት ስልክ የያዙት ሁለቱ ሴቶች ብቻ ነበሩ።

«ክንዱን ከታት» አሉ እናትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፊቱ ተጨማደደ።»

«የእኛዋም እየሰፋች ነው፣ እማማ።»

«ምኑን ነው የምትሰፋው?»

«ውሻ። ካልሲ ውጦ ነው።»

«ኧረ ጉድ! ያንዱን እግር ብቻ ነው ወይስ ጥንዱን?»

እትዬ አቤት መሳቅ ባይገባትም ሳቀች። ልክ በዚያን ጊዜ እጀታዋ ጆሮ የሚበላ ድምፅ አሰማች፦ ጢጥ። ትንሽ ቆይታም ጢጥ። ጠዋት መቀመጫዋ ላይ አጋድማ አስቀምጣት መሆን አለበት፤ ባትሪዋ እያለቀ ነው።

ዶክተሯ መርፌዋን እንደያዘች ደነገጠች። «ከተቋረጠ መልሰን ላናገኘው እንችላለን። ሁለተኛዋስ?»

«ምርመራ ክፍል ናት። እማማ፣ ይስሙኝ፤ አሁን ሙዚቃ ይመጣል። እኔ አልጠፋሁም፤ ስልክ ልቀይር ነው። እንዳይዘጉት!»

«ሙዚቃ ነው ያልሽው?»

ያቺን ከፍ ያለች ነጥብ በአውራ ጣቷ ፈለገች። አገኘቻት። ቀዩ እንዳልሆነ በዓይኗም አየች፤ ተጫነቻት። ጫማዋን ጥላ ሮጠች። ምርመራ ክፍል ሁለት ቁጥር እጀታ መቀመጫዋ ላይ ሆና አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። ብድግ አድርጋ አረንጓዴውን ተጫነች።

«አቤት! እማማ፣ አሉ?»

ዝም።

«እማማ!»

«ሙዚቃውን ምነው ዘጋሽው?» አሉ ሴትዮዋ። «ላሟ እንኳ ረጋ ብላ ነበር።»

እትዬ አቤት ስፒከሩን ከፍታ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ተመለሰች። በሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ሰውየው ከወዲያ ጮኸ። «አገኘሁት! ሰኮናው መዳፌ ውስጥ ነው! መጣ... መጣ፣ ወጣ! ሁለቱም እግሮቹ ወጥተዋል!»

«ጎሽ! አሁን ስታምጥ ብቻ ሳብ፣ ወደ መሬት አቅጣጫ። መጀመሪያ አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን። አትቸኩል።»

ላሟ አጓራች። አንድ ከባድ ነገር ዱብ ሲል ተሰማ።

«ወጣ» አለ ሰውየው። ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ። «አይተነፍስም፣ ዶክተር።»

«አፉንና አፍንጫውን ጥረግ። በጭድ እሸው፣ ደረቱን፣ ጠንከር አድርገህ! አንዲት ዘለላ ጭድ አፍንጫው ውስጥ ክተትና ነካ ነካ አድርገው።»

እትዬ አቤት ክንዷ ዝሏል፤ አላወረደችውም። ዶክተሯም መስፋቱን አቁማ ስልኩን ታየዋለች፣ ጥጃው ከውስጡ የሚወጣ ይመስል። የጭዱ ሽክሽክታ ይሰማል። ከዚያ በኋላ በስፒከሩ ጥርት ብሎ አንድ እርጥብ ማስነጠስ መጣ።

«ይማርህ!» አሉ እናትየው።

«ሴት ናት፣ እናቴ» አለ ልጃቸው እየሳቀ፣ ወይም እያለቀሰ፤ አይለይም ነበር።

«እንግዲያው ይማርሽ።»

የዶክተሯ ዓይን በእንባ ሞልቷል፤ እጇ ግን ነፃ አይደለም። እትዬ አቤት ንጹህ ጨርቅ አንስታ ጠረገችላት። «ወደ ውሻሽ ተመለሺ፣ እህቴ» አለቻት። ካልሲው ሳህን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰማያዊ ነው፣ አንድ እግር። ማምሻውን ውሻው ነቅቶ የባለቤቱን እጅ ላሰ።

በሳምንቱ መጨረሻ ዶክተሯ ላሟን ልታይ ስትነሳ «ነይ አብረን እንሂድ። ይሄ ሁሉ ሰው በድምፅ ብቻ ያውቅሻል» አለቻት። ስልኩን ለባሏ አደራ ሰጥታ ሄደች። እሱም ከመጀመሪያው ደዋይ ጀምሮ «ልብስ ስፌት!» እያለ ሲመልስ እንደዋለ የሰማችው በኋላ ነው።

የከብት አርቢው ግቢ ሰፊ ነበር፤ በረቱ በቆርቆሮ ተከድኗል። ሰውየው ዶክተሯን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ላሟ ወሰዳት። እናቱ ግን በረቱ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ አልተነሱም። ዓይናቸውን አጥብበው ሌላዋን እንግዳ ያዩ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ» አለች እትዬ አቤት።

«እሷ ናት!» አሉ ሴትዮዋ። «ድምፅሽን አወቅሁት። ቀጭን ሴት መስለሽኝ ነበር።»

«እኔ ደግሞ እርስዎን ረጅም አድርጌ ነበር ያሰብኩት።»

ተሳሳቁና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥጃዋ መጥታ የእትዬ አቤትን ቀሚስ ጫፍ ትጠባ ጀመር። ሴትዮዋ ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡ። «ነይ እስኪ፣ ልጄ፣ ይቺ ድምጿ እንደ ትንኝ ነው። የዚያን ቀን አንቺን ለመስማት ከላሟ በላይ ነው ያማጥኩት። እህቴ ስትደውል የምትለው አይሰማኝም፤ ዝም ብዬ እሺ፣ እሺ እላለሁ። ልጄን ሳሳየው ይቸኩላል።»

እትዬ አቤት ስልኩን ተቀብላ ጎኑን ዳበሰች። ሁለት ቁልፎች አሉ። አልተጫነቻቸውም። የሴትዮዋን ጣት ይዛ ላይኛው ላይ አሳረፈችውና «እዚህ ጋ ነው። እርስዎ ይጫኑት። አሁንም። አንዴ ደግሞ» አለቻቸው።

«በቃ? ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው። እስኪ እህትዎ ጋ ይደውሉ።»

ደወሉ። የእህትየው ድምፅ እንዲህ ጮክ ብሎ ሲወጣ ጥጃዋ ደንግጣ ቀሚሱን ለቀቀች፤ ላሟም አንገቷን አዞረች። ሴትዮዋ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ይዘው፣ ፊታቸው በርቶ፣ «አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ነበር የምታወሪኝ?» አሉ። ዶክተሯ ሥራዋን ጨርሳ መኪናው ጋ ቆማ ነበር። እትዬ አቤት በእጇ ትንሽ እንድትታገሳት ምልክት ሰጠቻትና ወሬውን ማዳመጥ ቀጠለች።