ቋ ሲል ቀይሪ

አባቷ ድምፃቸውን ካጡ ወዲህ በትምህርት ቤቱ በር አያልፉም። ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እንኳ አቋራጩን ትተው በገበያው ዙሪያ ይዞራሉ። ለምን ሲባሉ «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ይላሉ። ይላሉ ማለት ከኮት ኪሳቸው በማትጠፋው ትንሽ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። የጉሮሮ ቀዶ ሕክምናው ነፍሳቸውን አትርፎላቸው ድምፃቸውን ይዞባቸው ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ በአፉ ያደረ መምህር አፉ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ልጃቸው ታውቃለች፤ አብራቸው የምትኖረው እሷ ናትና።

እሷም መምህርት ናት። የምታስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ ያውም አባቷ ሲያስተምሩበት በኖሩት ክፍል። በዚያ ሰሞን ተማሪዎቿ ስለ ወንዝ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደርሰው ስለነበር አንድ ሐሳብ መጣላት። አባቷ በወጣትነታቸው ካሜራ አንግተው አንድን ወንዝ ከምንጩ እስከ ባህሩ በእግራቸው ተከትለውት ነበር። ያነሷቸውን ፎቶዎች በስላይድ አሳጥበው ትምህርቱን በካሴት ቀርጸውታል፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ካሴቱን እያጫወቱ ስዕሉን እንዲያሳዩ። እና ለምን ድምፃቸው ተመልሶ እዚያ ክፍል አይገባም? ለምንስ ራሳቸው አብረውት አይገቡም?

ያ ካሴት ሲቀረጽ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ግን እንደ ትናንት ትዝ ይላታል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። አባቷ ቴፑ ፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እናቷ የስላይድ ማሽኑ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ድምፁና ስዕሉ እኩል መሄዳቸውን የሚያረጋግጡት እሳቸው ነበሩ። ሕጉ አንድ ነው፤ አባቷ በጋብቻ ቀለበታቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ፣ ቋ! እናቷ ስዕሉን ይቀይራሉ። የቀለበቱ ቋታ ካሴቱ ውስጥ አብሮ ስለሚቀር፣ በኋላ የሚያጫውተውም መምህር መቼ እንደሚቀይር ያውቃል። «ቋ ሲል ቀይሪ፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም» ይሏቸው ነበር አባቷ። እናቷ ግን ሁልጊዜ ይዘገያሉ። ያን ጊዜ ቤቱ እንዴት ይሞቅ ነበር! እናቷ ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ጠረጴዛው ግን አሁንም አለ።

ርዕሰ መምህሩ ሐሳቧን ሲሰማ ደስ አለው። «ጋሼ ቢመጡልንማ ምን ይገኛል!» አለ። «ብቻ በክፍለ ጊዜው ውስጥ እንዲያልቅ አድርጊው፤ ደወሉ እንደሆነ ማንንም አያውቅ።»

ስዕሎቹን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች፤ የካሴቱንም ድምፅ ገለበጠች። ከዚያ ሥራውን ተያያዘችው። እያንዳንዱ ስላይድ ጊዜው ሲደርስ በራሱ እንዲቀየር አድርጋ ሞላችው። ስላይዱ በራሱ ከተቀየረ ቋታው ለምኔ ብላ እሱን አጠፋችው። ትምህርቱ አሁንም ከክፍለ ጊዜው ይበልጣል። ድምፁ ስክሪኑ ላይ እንደ ተራራና ሸለቆ ሆኖ ይታያል፤ ሲናገሩ ከፍ ይላል፣ ዝም ሲሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋው ሁሉ ባዶ መሰላት። ፕሮግራሙ ደግሞ ባዶ ቦታን በአንድ ጊዜ ጠርጎ የሚያወጣ ቁልፍ ነበረው፤ ኮምፒውተር መቼም ዝምታ አይወድም። ተጫነችው። ትምህርቱ ቁጭ፣ በልክ!

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ። ማታ ከራት በፊት ኮምፒውተሩን አባቷ ፊት አስቀምጣ «በል እንግዲህ ራስህን ስማው» አለቻቸው። አባቷ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አዳመጡ። የገዛ ድምፃቸው ምንጩን አወራ፣ ፏፏቴውን አወራ፣ ድልድዩን አወራ፤ ስላይዱም በሰዓቱ እልም ይላል፣ ሌላው ይተካል። ግማሽ ሳይደርስ እጃቸውን አነሱና ሰሌዳቸውን አወጡ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው? ማንስ እያባረረው ነው?»

ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

«ያንተ ድምፅ እኮ ነው አባዬ!»

በእጅጌያቸው ጠርገው እንደገና ጻፉ። «ድምፁ የኔ ነው። ማስተማሩ የኔ አይደለም። እኔ እዚያ አልሄድም።»

ለመነቻቸው፣ ተቆጣች፣ እንደ ልጅነቷም አኮረፈች። ወይ ፍንክች! ተነስተው ክፍላቸው ገቡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ። ሆዷ ባሳት። ይህን ሁሉ የለፋሁት ለማን ብዬ ነው እያለች ሳህኖቹን አንጓጓች። ውስጧ ግን ሌላ ነገር ፈርቶ ነበር፤ አሁን ካልገቡ ያንን ክፍል ዳግም እንደማያዩት ታውቃለች።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ የድሮውን ቴፕ ከፈተችና ካሴቱን እንዳለ አዳመጠችው። ለካ እስካሁን አላዳመጠችውም፤ ስትቆርጥ የነበረው በዓይኗ ነው። አሁን ጆሮዋን አስጠጋች።

ቋ! ከዚያ ዝም። ወንበር ሲጥ ይላል። ማሽኑ ቸክ ብሎ ስዕሉን ይቀይራል። ከዚያ የአባቷ ሹክሹክታ፣ «አየሽው?»

«ቆይ እስቲ፣ ልየው።»

የእናቷ ድምፅ ነው። ቴፑን አቆመች። መልሳ ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ ጠፍጣፋ በመሰላት ቦታ ሁሉ እናቷ አሉ፤ ከቴፑ ርቀው በቀስታ ስለሚያወሩ ነው ያልታዩት። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ትምህርቱን በጊዜ የተዉ ሴት። ባህር የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። አባቷ ደግሞ እሳቸው አይተው ሳይጠግቡ አንዲት ቃል አይቀጥሉም ነበር። የመጨረሻው ስዕል ላይ፣ ባህሩ ጋ፣ ዝምታው ከሁሉም ረዘመ።

«ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ውሃ?» አሉ እናቷ።

«ልቀጥል?»

«ምን አስቸኮለህ? ገና አልጠገብኩትም!»

አባቷም ሳቁ። ያ ሳቅ! ቤቱን ሙሉ ይንጠው የነበረው ሳቅ። ማንም ስለሌለ እንደልቧ አለቀሰች።

ከዚያ የቆረጠችውን ሁሉ መለሰች። ቋታዎቹን መለሰች፤ በራሱ የሚቀየረውንም ነገር አጠፋችው፤ በእጇ ልትቀይር። ትምህርቱ ከክፍለ ጊዜው አልፎ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ራሱን ሲያክ የስፖርት መምህሩ ከጎን ሰምቶ «የኔን ጊዜ ውሰጂ፣ ኳሷ የትም አትሄድ» አላት።

ቤት ስትገባ አባቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«መልሼዋለሁ» አለቻቸው። «ዝምታውን መልሼዋለሁ። እማዬንም።»

ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ጣታቸው ከሕመሙ በኋላ ስለከሳ ቀለበቱ እንዳይወልቅ ክር ጠምጥመውበታል። በዚያው ቀለበት የመስኮቱን ደፍ አንዴ መቱት። ቋ!

በቀጠሮው ቀን አባቷ በአቋራጩ ሄዱ። ክፍሉ ሲደርሱ ግን ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ እንግዳ ተቀመጡ። ልጆቹ ሽማግሌውን ያያሉ፤ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውን ጎልማሳ ድምፅ ይሰማሉ፤ ሁለቱን ማገናኘት አቃታቸው። የመጀመሪያው ዝምታ ላይ አንዱ «ተበላሸ!» ብሎ ጮኸና ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ሥራ አገኙለት፤ ያዩ ጀመር። «ድንጋዩ ሥር እንቁራሪት አለች!» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ። አባቷ ዞረው ወደ ስዕሉ ተጠጉ። ፎቶውን ያነሱት ራሳቸው ናቸው፤ እንቁራሪቷን ግን አይተዋት አያውቁም ነበር።

ባህሩ መጣ። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ «ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ውሃ?»

ልጆቹ ሳቁ። ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ «ቲቸር፣ እሷ ማናት?»

መምህርቷ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች። ወደ አባቷ ዞረች። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ እየወረደ ነበር፤ ሊያብሱትም አልሞከሩም። ተነሡ። ከሰሌዳው ሥር ጠመኔ አንስተው በዚያ የድሮ ተማሪዎቻቸው ሁሉ በሚያውቁት ትልቅ ጽሕፈታቸው ጻፉ።

«የመጀመሪያዋ ተማሪዬ።»

በዚያው ቅጽበት ድምፃቸው ከማጉያው ሳቀ። «ወንዛችን እዚህ ደረሰ፤ ደህና ሁኑ ልጆች» አለና ቅጂው አለቀ። ልጆቹ ቦርሳቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እሷም ኮምፒውተሩን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

ቋ!

ቀና አለች። የቀረ ስላይድ የለም። አባቷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል፤ ቀለበት ያለበት እጃቸው እንጨቱ ላይ ነው። በሌላው እጃቸው ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ እስከ መጀመሪያው አሏት። መለሰችው። ከቋጥኝ ሥር ብቅ የሚለው ምንጭ ግድግዳው ላይ መጣ፤ አሁን ድምፅ የለውም።

ትንሿ ሰሌዳቸው ከኪሳቸው አልወጣችም። በጣታቸው ውሃውን አመለከቱ፤ ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረው መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ምንጭ!» ብሎ ጮኸ ክፍሉ በሙሉ።

በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን አልቸኮሉም። እናቷ ከማሽኑ ጎን ይቀመጡ እንደነበረው፣ ልጃቸው ከኮምፒውተሩ ጎን ሆና ትጠብቃለች። ከኋላ ያ እንቁራሪቷን ያየው ልጅ አንገቱን አስግጎ ገና እያየ ነበር። አይቶ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ጠረጴዛውን መቱ።